የአባቴ ቡፌና የከተራው ጠረጴዛ

አምና የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ቡና እየተፈላ ሳለ የመስታወት ጠረጴዛችን ተሰብሮ የእህቴ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ሰባት ቦታ ተሰፋች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ደግሞ አባቴ ትቶልን ያለፈውን የድሮ ዕቃ «አሳድሳለሁ» ብዬ ግማሹን አበላሽቼዋለሁ። ልጅቷ ዛሬ ደህና ናት፣ ትሮጣለች። ቡፌውም ተርፏል። ያን ጊዜ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱም አይደርሱም ነበር። ሌላው ቤት እንዳይደርስ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ረጅም ቡፌ፣ አራት የብረት ቱቦ ወንበሮችና አንድ ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ቡፌውን የገዛው በንጉሡ ዘመን፣ ጎንደር ቀርቶ ይኖር ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ላይ ነው። ዝቅ ያለ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሌለበት፣ ጥጎቹ የዞሩ ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ሁለት በሮች አሉት። በሮቹ ላይ የነበረው መስታወት ውሃ የገባበት ወተት ይመስላል፤ ውስጡን አያሳይም። በእያንዳንዱ ላይ አንዲት የምትዘል ሚዳቋና ከስሯ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ተስለዋል። አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ትዘላለች፤ በሮቹ ሲዘጉ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ልጅ ሆነን አባታችን «ዛሬ ማን ቀደመች?» እያለ በሮቹን ያንሸራትትልን ነበር።

እኔ ግን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ የማየው ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ የብርጭቆ ቂጥ ክብ ምልክት የሞላበትን አሮጌ ዕቃ ብቻ ነበር። ሠፈራችን ውስጥ ሰው ሁሉ አዲስ ሶፋና የሚያብለጨልጭ ቡፌ ሲያስገባ የእኛ ቤት ወደ ኋላ የቀረ መሰለኝ። እናም አሳድሰዋለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ማሽን ነው። አንድ ፈርኒቸር ቤት ወስጄ «ልጣችሁ አዲስ አድርጉልኝ» አልኳቸው። በማለስለሻ ማሽን ላዩን ሲፍቁት ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ጥቁሩ ተነሣ፣ ከስሩ ቀይ ቡናማ እንጨት ብቅ አለ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ነጣ ያለ ነገር ታየ፣ እየሰፋም ሄደ። እኔ የመሰለኝ ሙሉ ጣውላ ነበር። ለካስ ላዩ ከአንድ ሚሊ የማይበልጥ ስስ የከበረ እንጨት ልባጥ ነው፤ ከስሩ ተራ ጣውላ ነው ያለው። ማሽኑ ልባጡን በልቶ ጨርሶ ወደ ተራው ገብቶ ነበር። ሠራተኛው «ችግር የለም፣ በቀለም እንሸፍነዋለን» አለኝና ስቱኮ ሞልቶ ጥቁር ቡኒ ቫርኒሽ ደፋበት። ወደ ቤት ሲገባ እናቴ እጇን አሳረፈችበትና «የማነው ይሄ?» አለችኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ የሚዳቋዎቹ መስታወት ነው፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መስታወት ቆራጩ «ይሄ ድሮ ነው፣ መልክ ማያ መስታወት ይግባበት፣ ቤቱን ያሰፋልሻል» ሲለኝ እሺ አልኩ። አሮጌዎቹን «እኔ ልጣልልሽ» ሲለኝም እሺ አልኩ። አዲሶቹን በእንጨቱ ክፈፍ ልክ ምንም ክፍተት ሳይተው ቆርጦ፣ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያስገባ፣ ዙሪያውን በትናንሽ ምስማር አሰራቸው። በጥር ቆንጆ ነበር። በነሐሴ፣ የጎንደር ዝናብ ሲበረታ፣ አንድ ሌሊት ጧ የሚል ድምፅ ሰምተን ተነሣን። አንደኛው መስታወት ከምስማሩ ጀምሮ እስከ ላይ ተሰንጥቋል። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ በበጋ ይደርቅና ይኮማተራል፤ መስታወት ግን አይሰጥም። ስለዚህ መስታወት ወደ እንጨት ክፈፍ ስታስገቡ ዙሪያውን ሁለት ሁለት ሚሊ ክፍተት እንዲተውለት እዘዙ። ምስማሩ የሚይዘው ቀጭኗን የእንጨት ከንፈር እንጂ መስታወቱን መንካት የለበትም። ጠርዙ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ተጭኖት ከከረመ ከዚያች ነጥብ ነው የሚሰነጠቀው።

ወንበሮቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ቱቦዎቹ ክሮም የተነከሩ ነበሩ፣ እዚህም እዚያም ዝገት ነጠብጣብ ነበረባቸው፣ እኔም ብርማ ቀለም ቀባኋቸው። በዓመቱ ተላጠ።

ከዚያ ነው የቡና ጠረጴዛውን የገዛሁት። የብረት እግር ያለው፣ ላዩ ሙሉ መስታወት፣ 1 ሜትር ከ20 በ70 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ። ሻጩ «የማይሰበር ነው፣ ቴምፐርድ ነው» አለኝ። እግሩ ላይ ሲያስቀምጠው ግን መስታወቱ ትንሽ ተረፈ፤ እዚያው ፊቴ በአልማዝ ጭሮ፣ ቀጭ አድርጎ ሰብሮ፣ በልኩ አደረገልኝ። ማስረጃው ዓይኔ ስር ነበር፣ አላወቅሁትም። ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ፦ ቴምፐርድ መስታወት አይቆረጥም። በመጀመሪያ በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ከ600 ዲግሪ በላይ ከጋለ በኋላ ነው በነፋስ ድንገት እንዲቀዘቅዝ የሚደረገው። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ ከተራው መስታወት ወደ አራት እጥፍ ይጠነክራል። ከዚያ ወዲያ ልቁረጠው ቢሉ ሙሉው ይበተናል። ስለዚህ ሻጩ ፊታችሁ ቆርጦ ከሰጣችሁ፣ ምንም ስም ይስጠው፣ ተራ መስታወት ነው።

የከተራ ዕለት ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሸኝተን ስንመለስ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ቤት ሞልተው ነበር። ሁልጊዜ ቡና የሚፈላው መሬት ላይ፣ ቄጠማው መሃል ነው። ያን ቀን ሰው ስለበዛ እኔው ራሴ ረከቦቱን ወደ ጠረጴዛው አወጣሁት። ጀበናው ከከሰሉ ላይ ሲነሣም ማቶቱን አጥቼ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ምሽቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ መስታወቱም እንደዚያው። አንድ ደቂቃ እንኳን የቆየ አይመስለኝም። ድምፁ እንደ ጅራፍ ነው። ከጀበናው ስር አንድ መስመር ተነሥቶ፣ ጠመዝመዝ ብሎ ዳር ደረሰ፤ ወዲያው መሃሉ ወደ ታች ተከፈተ። 12 ኪሎ ከግማሽ የሚያህል መስታወት እንደ ጎራዴ ረዣዥም ሆኖ ወረደ። የስምንት ዓመቷ ልጅ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ፈንዲሻ ትበላ ነበር።

ተራ መስታወት የሚሰነጠቀው ስለሚግል ብቻ አይደለም፤ አንዱ ቦታው ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። የጋለው ይለጠጣል፣ የቀዘቀዘው ይይዘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 40 ዲግሪ ከደረሰ ተራ መስታወት አደጋ ላይ ነው፤ ከከሰል የወረደ ጀበና ደግሞ ከዚያ እጅግ ያልፋል። ቴምፐርድ ከ200 ዲግሪ ልዩነት በላይ ይችላል፣ ሲሰበርም የመኪና የጎን መስታወት እንደሚሆነው እንደ በቆሎ ፍሬ ተፈርፍሮ ይበተናል እንጂ ቢላ አይሆንም። ያም ሆኖ እኔ ዛሬ በቴምፐርዱም ላይ ጀበና በባዶው አላስቀምጥም።

እዚያ ላይ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ደም ሳይ ደንግጬ ስባሪውን ከእግሯ ነቀልኩት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «የተሰካ ነገር አይነቀልም፤ ዙሪያውን በንጹህ ጨርቅ ደግፎ ማምጣት ነው» አለኝ፤ ተሰክቶ ሳለ ደሙን የሚያፍነው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላልና። መስታወት በተሰበረበት ክፍል መጀመሪያ ሰውን ሁሉ ባለበት አቁሙት፤ በተለይ ባዶ እግሩን ያለ ልጅ ተሸክማችሁ አውጡት። የእኛ እንግዶች ሊረዱን ሲሯሯጡ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተቆርጠዋል።

ከጥምቀት በኋላ የቀረውን የብረት እግር ይዤ ጣውላ የሚያለብስልኝ አናጢ ስፈልግ ነው ሽማግሌውን ያገኘኋቸው። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ትንሽ ቤት አላቸው። ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ የተቆለመመ እንጨት ወንበር ተሰቅሎ ነበር። ዓይኔ ሲያርፍበት አይተው «ይሄ ስድስት እንጨት ነው፣ ልጄ፤ በብሎን የታሰረ። ፈትተሽ በሣጥን ትጭኚዋለሽ» አሉኝ። በኋላ ሳነብ እውነት ነው፤ ሚካኤል ቶኔት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 እንጨቱን በእንፋሎት እያለዘበ ያወጣው ወንበር ነው፣ ተፈታቶ ሲታሸግ 36ቱ አንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገቡ ነበር። የሽማግሌው የዚያ ዘር ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ ግን እንደዚያ ዓይነት ነው። ስለ ቡፌው አጫወትኳቸው። «በማሽን ፋቁት?» ብለው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ነገ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ምንም እንዳትነኪው» አሉኝ።

በማግስቱ መጡ። ላዩን አላዩትም። ተንበርክከው መሳቢያውን አወጡና ከውስጥ በኩል፣ ማንም ያልደረሰበትን ቦታ፣ በጣታቸው ዳሰሱ። ጥጥ ስፒሪት ነክረው እዚያች ላይ ለአንድ አፍታ ያዙት። ጥጡ ቡናማ ሆነ፣ ቦታውም ሲነኩት ተጣበቀ። «ጎማላካ ነው» አሉኝ፤ በስፒሪት የሚሟሟ የድሮ የእንጨት ቅብ ነው። «ቫርኒሽ ቢሆን ስፒሪት እንዲህ አያቀልጠውም ነበር። የብርጭቆው ክብ ነጭ ምልክት እኮ በዚሁ በስፒሪት፣ በእጅ፣ ግማሽ ቀን የሚለቅ ነበር።» ይህን ሲሉኝ ሆዴ ባባ። ያን ሁሉ ማሽን የጠራሁት ለዚያ ምልክት ነበር።

የተበላውን ልባጥ የጠገኑበት መንገድ በሥራ ዓለም ካየሁት ሁሉ የሚገርመኝ ነው። አዲስ እንጨት አላመጡም። እርጥብ ጨርቅ ከቡፌው ውስጥ፣ ከማይታየው መደርደሪያ ላይ ዘረጉና በካውያ ተኮሱት። የድሮው ኮላ ከቆዳና ከአጥንት የሚፈላ ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይለዝባል። ትንሽ ቆይተው ቢላ ከጠርዙ ስር ሰደዱ፣ ልባጡም እንደ እንጀራ ዳር ተነሣ። ያንን በልኩ ቆርጠው ላይ ላጠፉብኝ ጥግ አለበሱት፤ የአንድ ዛፍ እንጨት ነውና መስመሩ ገጠመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥጥ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ጎማላካውን ስስ ስስ አድርገው ደራረቡት። ዛሬ የተጠገነውን ቦታ የማሳየው ብርሃን በጎን ሲመታው ብቻ ነው።

ስለዚህ ያረጀ ዕቃ እጃችሁ ላይ ካለ፣ ከምንም በፊት ጠርዙን እዩ። የላዩ እንጨት መስመር በጠርዙ በኩል ቀጥሎ ካልወረደ ልባጥ ነው፣ ማሽን አይነካም። ከማይታይ ቦታ በስፒሪት ሞክሩ። ጎማላካ ከሆነ ደግሞ አረቄ የያዘ መለኪያና ትኩስ ድስት አታሳርፉበት፤ አልኮልም ሙቀትም ጠላቱ ናቸው። መስታወቱን ስትወለውሉም የማጽጃውን ፈሳሽ በቀጥታ አትርጩ፣ እየወረደ የክፈፉን ጎማላካ ያቀልጣል፤ ጨርቁን አርጥባችሁ ጥረጉ። የእጣንና የከሰል ጭስ የሚያበጀውን ቅባት ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ያነሣዋል።

ሽማግሌው ናቸው «ቡፌሽን ማወቅ ከፈለግሽ ፒያሳ ውጪና ፖስታ ቤቱን እዪው» ያሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በስሩ አልፌ አላየሁትም ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ጎንደር ገብቶ በኅዳር 1934 ዓ.ም እጁን እስኪሰጥ ባለው አጭር ጊዜ ነው ያን ሁሉ የሠራው፤ ለከተማዋ ፕላን ያወጣላት አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ይባላል። ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም ጌጥ የላቸውም፤ ውበታቸው መስመራቸውና የዞረው ጥጋቸው ነው። የእኛ ቡፌ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። የቱቦ ወንበሮቹም እንደዚያው። ማርሴል ብሮየር በጀርመን ባውሃውስ ትምህርት ቤት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ የብስክሌቱን መሪ አይቶ «ብረት እንዲህ ከታጠፈ ወንበርም ይሆናል» ብሎ የጀመረው መንገድ ነው እኛ ቤት ድረስ የመጣው። በወረራ የመጣ ዕቃ መሆኑ ሳይጠፋኝ፣ አባቴ በላቡ የገዛው፣ እኛ ያደግንበት ዕቃ መሆኑን ነው የማስበው። ወንበሮቹን ከደጅ አውጥቼ ብርማውን ቀለም በቲነር አስለቀቅሁ። ከስሩ ያለውን ዝገት ደግሞ የምግብ ፎይል ጨብጬ፣ አቼቶ ነክሬ፣ በቀስታ አሸሁት። ክሮሙ ራሱ ከተላጠ ይሄ አያድነውም፤ ቀላል ዝገት ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፣ ፎይሉ ይበቃል።

ለጠረጴዛው ልኩን ልኬ አዲስ አበባ 8 ሚሊ ቴምፐርድ አዘዝኩ፤ ጥጉ የዞረ፣ ጠርዙ የተሞረደ። ሲመጣ አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ማህተም ነበረው፤ እናንተም ፈልጉት። መስታወት በመኪና ሲጫን በጠርዙ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተደግፎ ነው እንጂ ተኝቶ አይጫንም፤ ተኝቶ ከሄደ መንገዱ ያጥፈዋል። ክብደቱን ለማወቅ ካሬ ሜትሩን በሚሊው፣ ከዚያ በ2.5 አባዙት፤ ኪሎው ይወጣላችኋል። ስንት ሰው እንደሚያነሣው ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ወንድሜ ይህን ሁሉ አይቶ በሳሎኑ በር ላይ ባለቀለም መስታወት ማስገባት አማረው። ለጎንደር መስታወት እንግዳ አይደለም፤ የታላቁ ኢያሱ ግንብም በመስታወትና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር ሲባል ነው ያደግነው። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም መስታወት ደግሞ ወደ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ አንዴ ከፊቱ የቆመ ሰው ይህን ፍላጎት ይረዳዋል። ለወንድሜ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገር፦ ጠርዙን እዩ። ቀለሙ ሲቀልጥ አብሮ የገባ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮባልት ያለበት ሰማያዊ፣ እስከ ውስጡ ድረስ ያው ነው፤ ፀሐይ አይወስደውም። ጠርዙ እንደ ማንኛውም መስታወት አረንጓዴማ ሆኖ ላዩ ብቻ ቀለም ካለው ግን የተለጠፈ ወይም የተቀባ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት። የአባቴን ሰማያዊ ማስቀመጫም ያየ ሁሉ «ሙራኖ ነው» ይለኛል። የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች እሳት ፍራቻ ወደ ሙራኖ ደሴት የተላኩት እ.ኤ.አ. በ1291 ነው፣ ስሙ ትልቅ ነው፤ ቂጡ ላይ ያለው፣ ሲሠራ የተያዘበት ዘንግ ሲሰበር የቀረው ምልክት ግን በእጅ መነፋቱን እንጂ የት መነፋቱን አይናገርም። በዚያች ምልክት ብቻ ገንዘብ እንዳታወጡ።

ከሁለቱ ሚዳቋዎች አንዷ ተገኝታለች። መስታወት ቆራጩ ጋር አይደለም፤ እናቴ ጓዳ። ያን ቀን አንዱን ከእጁ ተቀብላ የቡሃቃ ክዳን አድርጋው ኖሯል። ሊጥ ደርቆበት ነበር፤ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ሽቦ ሳላስነካ አጠብኩት፣ አንዲት ጭረት የለባትም። ወደ ቀኝ የምትዘለዋ ናት። ቦታዋ ላይ፣ ክፍተቷ ተጠብቆላት ገብታለች፤ ባለፈው ክረምትም በሩ ሳይነክስ ከፍቶ ዘግቷል። በግራው በር ላይ ለጊዜው ውስጡን የሚያሳይ ተራ መስታወት ነው ያለው። የጠፋችው ቁመቷ 34፣ ወርዷ 52 ሴንቲ ነው፤ ወደ ግራ ትዘላለች፣ ከስሯ ሦስት መስመር አለ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ቤት መስኮት ወይም የፎቶ ክፈፍ ሆና ያያት ሰው ካለ ይንገረኝ፣ አሁንም እየፈለግኋት ነው።